የላይብረሪያን ጥያቄና መልስ፦ ከካርዱ መሳቢያ በኋላ ምን እንማር?

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ "ሥራው ተለወጠ፣ እኛስ?" የሚሉ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አዋህደናል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ላለፉት 18 ዓመታት የሠራሁት ካታሎግ ክፍል ነው። አሁን መዝገቡ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ተስቦ በአንድ ጠቅታ ይገባል። የእኔ ድርሻ መለያ ወረቀት መለጠፍ ብቻ ሊሆን ምንም አልቀረው። ምን ልማር? ወይስ ክፍል ልቀይር?

መልስ፦ ክፍል አይቀይሩ። የሌላውን መዝገብ ወስዶ መጠቀም ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ማርክ የሚባለው የመዝገብ ቅርጽ በ1960ዎቹ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በሄንሪየት አቭራም መሪነት ሲዘጋጅ፣ ከተፈለጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ አንዱ የገለጸውን መጽሐፍ ሌላው እንደ አዲስ እንዳይገልጸው። የተለወጠው ፍጥነቱ ነው። ፍጥነቱ ደግሞ ስሕተቱንም ያፈጥነዋል። ድሮ አንድ ካርድ ይበላሽ ነበር፤ ዛሬ በአንድ ጠቅታ 300 የተበላሸ መዝገብ ይገባል። እርስዎ የሚያስፈልጉት እዚያ ላይ ነው።

ተስቦ የመጣ መዝገብ ሲከፍቱ ጥቂት መስኮችን ከመጽሐፉ ጋር ያስተያዩ፤ በማርክ እያንዳንዱ መስክ የሚጠራው በባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ነው። 020 ላይ ያለው አይ ኤስ ቢ ኤን (የመጽሐፉ መለያ ቁጥር) የጠንካራው ሽፋን ነው ወይስ የለስላሳው? 250 ላይ ያለው ዕትም በእጅዎ ካለው ጋር ይገጥማል? 264 ላይ ያለው ዓመት የታተመበት ነው ወይስ የቅጂ መብቱ? 300 ላይ ያለው የገጽ ብዛትስ? በጣም የተለመደው ስሕተት የኤሌክትሮኒክ ዕትሙ መዝገብ ለወረቀቱ መጽሐፍ ተስቦ መምጣቱ ነው። 856 ላይ የሙሉ ጽሑፍ አድራሻ ካዩ፣ ወይም 338 ላይ "ኦንላይን" የሚል ካገኙ፣ መዝገቡ የሌላ ነገር ነው። አንባቢው ሊንኩን ነክቶ የማይከፈት ገጽ ሲያገኝ የሚወቅሰው መዝገቡን የላከውን ሳይሆን እናንተን ነው።

ከዚያ መማር ያለብዎት መዝገብን በጅምላ ማየት ነው። አንድ መጽሐፍ መግለጽ ያውቁበታል፤ የሚቀረው አንድን ስሕተት በሺህ መዝገብ ላይ አይቶ በአንድ ጊዜ ማረም ነው። ለዚህ ሁለት ነጻ ፕሮግራሞች ይበቃሉ፤ ኦፕንሪፋይን እና ማርክኤዲት። ከራስዎ ካታሎግ 500 መዝገብ አውጥተው በኦፕንሪፋይን ይክፈቱና የአሳታሚውን ዓምድ "ፋሴት" ያድርጉት። አንዱ አሳታሚ በስንት ዓይነት አጻጻፍ እንደገባ ከነቁጥሩ ተዘርዝሮ ይመጣል። "ክላስተር" የሚለው ትእዛዝ ደግሞ የሚመሳሰሉትን ሰብስቦ "ይዋሐዱ?" ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ላይ "ሁሉንም ምረጥ" የሚለውን አይንኩ። ፕሮግራሙ የሚያየው የፊደል መመሳሰልን ብቻ ስለሆነ፣ ስማቸው የሚቀራረብ ሁለት የተለያዩ ድርጅቶችንም አንድ ሊያደርጋቸው ይችላል። የትኛው ከየትኛው እንደሚለይ መወሰን የ18 ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ ልምዱ ደግሞ የእርስዎ ነው።

ሦስተኛው፣ የገለጻ ደንቡን ማደስ ነው። የተማሩት በ1978 በወጣው የአንግሎ አሜሪካን ደንብ ሁለተኛ ዕትም ከሆነ፣ በ2010 የወጣውና የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከማርች 31 ቀን 2013 ጀምሮ የሚሠራበት አዲሱ ደንብ፣ አርዲኤ፣ የሚያስገርምዎ ጥቂት ቦታ ብቻ ነው። አሕጽሮት ቀርቷል፤ "ገጽ" ተብሎ ሙሉው ይጻፋል። ደራሲዎቹ ከሦስት ሲበልጡ የመጀመሪያውን ብቻ የመጥቀስ ግዴታ የለም። ከርዕሱ ጎን በቅንፍ ይገባ የነበረው የቁስ ዓይነት ወደ 336፣ 337 እና 338 ተከፋፍሏል። ከ260 ይልቅ 264 መጥቷል። በአንድ ሳምንት የሚለመድ ነው።

ጥያቄ፦ ወደ 8,000 የሚጠጉ መጻሕፍት በኤክሴል ተመዝግበዋል። ወደ ኮሃ፣ ወደ ቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያው ሶፍትዌር፣ ለማስገባት ሁለት ጊዜ ሞክረን ከሸፈብን። መጀመሪያ የአይ ኤስ ቢ ኤን ቁጥሮቹ ተበላሹ፤ ቀጥሎ የአማርኛ ርዕሶቹ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኑ። ሶፍትዌሩ ነው ችግሩ?

መልስ፦ አይደለም። ሁለቱም ጥፋቶች የደረሱት ፋይሉ ኮሃ ዘንድ ሳይደርስ በፊት ነው።

ኤክሴል ረጅም ቁጥር ሲያይ ለስሌት የተዘጋጀ ይመስለዋል። ባለ 13 አኃዙን አይ ኤስ ቢ ኤን አሳጥሮ 9.78 ከነማባዣው አድርጎ ያሳያል። ፋይሉን ወደ ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ ተራ የጽሑፍ ፋይል) ስትቀይሩት ደግሞ የሚጻፈው በማያ ገጹ ላይ የሚታየው ስለሆነ የቀሩት አኃዞች ይጠፋሉ። ከ2007 በፊት የነበረው ባለ 10 አኃዝ ቁጥር በዜሮ የሚጀምር ከሆነ ዜሮው ይቆረጣል። ባርኮዳችሁ ከ15 አኃዝ በላይ ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል፤ ከ15ኛው በኋላ ያለው ሁሉ ወደ ዜሮ ይለወጣል፣ አይመለስምም። መድኃኒቱ ቁጥሩ ከመግባቱ በፊት ዓምዱን "ቴክስት" ማድረግ ነው። አሁን ከተበላሸው ሲኤስቪ ጋር አትታገሉ። ወደ ዋናው የኤክሴል ፋይል ተመለሱ፤ ባለ 13ቱ ቁጥር እዚያ ሙሉ ነው። 9 አኃዝ ብቻ ያላቸውን ከፊታቸው ዜሮ ጨምሩላቸው።

የጥያቄ ምልክቱም እንዲሁ ነው። ተራውን ሲኤስቪ ስትመርጡ ኮምፒውተሩ በአሮጌ የፊደል ኮድ ያስቀምጠዋል፤ በዚያ ኮድ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ቦታ ስለሌለው በእያንዳንዱ ፊደል ምትክ ጥያቄ ምልክት ይጻፋል። ስታስቀምጡ "ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8" የሚለውን ምረጡ። ወደ ማርክ ሲቀየርም የመዝገቡ መሪ (የመዝገቡ መክፈቻ መስመር) ከዜሮ ሲቆጠር 9ኛ ቦታ ላይ "ኤ" የሚለው የላቲን ፊደል መኖሩን አረጋግጡ፤ ዩኒኮድ መሆኑን የሚናገረው እሱ ነው። ማርክ-8 የተባለው የድሮ ኮድ የግዕዝ ፊደልን አያውቅም።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ አንድ ቀን ቁረጡና ከዚያ ቀን በኋላ ዋናውን ኤክሴል ማንም እንዳይነካው አድርጉ፤ አዲስ የሚመጡት በሌላ ሉህ ይመዝገቡ። ይህ ካልሆነ የትኛው ፋይል ትክክለኛው እንደሆነ ራሳችሁም አታውቁም።

ቀጥሎ ረድፉ ምን እንደሆነ ወስኑ። አንድ መጽሐፍ አምስት ቅጂ ኖሮት በአምስት ረድፍ ከተመዘገበ፣ እንዳለ ሲገባ አምስት የተለያዩ መጻሕፍት ይሆናል። የሚፈለገው አንድ መዝገብና በሥሩ አምስት የ952 መስክ ነው፤ በኮሃ የእያንዳንዱ ቅጂ መረጃ የሚጻፈው እዚያ ነው። ባርኮዶቹ እንዳይደገሙ የኤክሴሉን "ካውንትኢፍ" ቀመር ተጠቀሙ፤ ከ1 በላይ ውጤት የሰጠውን ሁሉ መደርደሪያ ድረስ ሄዳችሁ አጣሩ። በአንድ ሕዋስ ውስጥ "እና" ተብለው የተያያዙ ደራሲዎች ይለያዩ፤ አንዱ ወደ መስክ 100፣ የቀሩት ወደ መስክ 700 ይሄዳሉ።

ከዚያ በማርክኤዲት ሰንጠረዡን ወደ ማርክ ቀይሩ፤ ከመስኩ ቁጥር በኋላ የሚመጣው የላቲን ፊደል የመስኩ ንዑስ ክፍል ነው። ርዕስ ወደ 245 ኤ፣ አሳታሚ ወደ 264 ቢ፣ ዓመት ወደ 264 ሲ፣ ገጽ ወደ 300 ኤ ይገባል። በ952 ውስጥ ኮል ነምበሩ (የመደርደሪያ ቁጥሩ) ኦ፣ ባርኮዱ ፒ፣ የቁስ ዓይነቱ ዋይ ላይ ይቀመጣል፤ ኤ እና ቢ የባለቤቱና መጽሐፉ አሁን ያለበት ቤተ መጻሕፍት ኮዶች ናቸው። እነዚህ ኮዶች ኮሃ ውስጥ አስቀድመው መፈጠር አለባቸው፤ በአንድ ፊደል እንኳ ሊለዩ አይገባም። ብዙ ጊዜ ባይታይም ማስገባቱን የሚያሰናክለው እሱ ነው።

ሙከራውን በ50 ረድፍ ጀምሩ። የመጀመሪያዎቹን 50 ግን አትውሰዱ፤ እነሱ ሁልጊዜ ንጹሕ ናቸው፣ መዝጋቢው ገና ሳይሰለች የጻፋቸው። አስቸጋሪዎቹን ልቀሙ፦ ደራሲ የሌለው፣ አራት ደራሲ ያለው፣ ባለ ብዙ ቅጽ፣ በአማርኛ ርዕስ፣ ዓመቱ "አይታወቅም" ተብሎ የተጻፈ። ኮሃ ፋይሉን መጀመሪያ "ስቴጅ" አድርጎ ያሳያችኋል፣ ከዚያ ታስገባላችሁ፤ ካልተስማማችሁ ያንኑ ጥቅል መልሶ ማውጣት ይቻላል። ከገባ በኋላ መዝገቡን በሕዝብ ገጹ ፈልጉት፣ አንዱን መጽሐፍ አውሱና መልሱ። ሁሉ ከሠራ የቀረውን በሺህ በሺህ እያደረጋችሁ አስገቡ፤ በየጥቅሉ የረድፉን፣ የመዝገቡንና የቅጂውን ቁጥር አስተያዩ።

መጨረሻ ላይ ከመደርደሪያ 100 መጽሐፍ ሳትመርጡ አንስታችሁ ካታሎጉ ውስጥ ፈልጉ፤ ከካታሎግም 100 አውጥታችሁ መደርደሪያ ላይ ፈልጉ። የሁለቱ ስሕተት የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ያልተመዘገበውን፣ ሁለተኛው የጠፋውን ያሳያችኋል።

ጥያቄ፦ አንባቢ "ሀይል" ብሎ ሲፈልግ "ኃይል" የሚለው መጽሐፍ አይመጣም። ርዕሶቹን ሁሉ ወደ አንድ አጻጻፍ ብንቀይራቸውስ?

መልስ፦ በፍጹም። ርዕስ በ245 የሚጻፈው ልክ በመጽሐፉ የርዕስ ገጽ ላይ እንዳለ ነው፤ የደራሲውን "ሠ" ወደ "ሰ" የመለወጥ ሥልጣን ካታሎገር የለውም። መስተካከል ያለበት የፍለጋ ማውጫው ነው።

ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ እንዲታጠፉ የሚያደርግ ደንብ ለሲስተም ባለሙያው ስጡት። አምስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፅ ሲባዙ 35 መስመር ነው። ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ የሚሉትን ሁለት ስትጨምሩ 37 ይሆናል። "ኃይል" ግን በዚህ ደንብ መጀመሪያ ወደ "ሃይል"፣ ከዚያ ወደ "ሀይል" መድረስ ስላለበት ሁለቱ የመጨረሻ መስመሮች ከ35ቱ በኋላ እንዲሠሩ ይደረግ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የጠየቃችሁት ቃል አሁንም አይገኝም። ደንቡ በማውጫውም፣ አንባቢው በሚጽፈው ቃል ላይም እኩል መሥራት አለበት፤ በአንዱ ብቻ ከሆነ ፍለጋው ከበፊቱ የባሰ ይሆናል። ሁለት ነጥብ (፡) እንደ ክፍት ቦታ እንዲቆጠርም አስጨምሩ፤ አለዚያ በድሮ አጻጻፍ የገባ ርዕስ አንድ ረጅም ቃል ሆኖ ይቀራል። ኮሃን ዜብራ ከተባለው የፍለጋ ፕሮግራም ጋር የምትጠቀሙ ከሆነ "አይሲዩ" የሚባለው የማውጫ ስልት መመረጡን አረጋግጡ። ደንቡ ከተለወጠ በኋላ ማውጫው እንደ አዲስ ካልተገነባ ምንም ለውጥ አይታይም፤ "ሞክረነው አልሠራም" ከሚሉን ብዙዎቹ የሚረሱት ይህን ነው።

የሲስተም ባለሙያ ከሌላችሁ፣ በብዛት ለሚፈለጉት መጻሕፍት ብቻ ሌላውን አጻጻፍ በ246፣ በተለዋጭ ርዕስ መስኩ፣ ጨምሩ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተተየቡ መዝገቦች ካሏችሁ ግን የላቲን ዝብርቅርቅ ሆነው ነው የሚታዩት። እነሱን በእያንዳንዱ ፎንት የፊደል ሠንጠረዥ መለወጥ ያስፈልጋል፤ የሁለት ፎንት ፋይል ካቀላቀላችሁ የማይፈታ ቋጠሮ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፎችን ስካን እንድናደርግ ታዘዝን። ስካነር ተገዝቷል፤ ሥልጠና ግን አልተሰጠም። በምን ጥራት? ምን ያህል ማከማቻ?

መልስ፦ ስካነሩን ከማብራታችሁ በፊት መብቱን ጨርሱ። ጽሑፉን ስካን ማድረግ የባለቤትነት መብቱን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አያዛውረውም። ወደፊት ለሚመረቁት ጽሑፋቸውን ሲያስረክቡ የሚፈርሙት አንድ ገጽ የፈቃድ ቅጽ አዘጋጁ፤ ለሁሉም ክፍት ይሁን፣ በግቢ ውስጥ ብቻ ይታይ፣ ወይስ ለተወሰነ ዓመት ይዘጋ የሚሉ ምርጫዎች ይኑሩት። ለድሮዎቹ ደራሲውን ማግኘት እስኪቻል መግለጫውንና አጠቃሎውን ብቻ ክፍት ማድረግ አንዱ መንገድ ነው፤ ስለ ቀሪው የተቋማችሁን የሕግ ክፍል ጠይቁ።

ለታተመ ጽሑፍ 300 ነጥብ በኢንች ይበቃል፤ ፊደሉ ጥቃቅን ከሆነ 400። አንድ ኤ-ፎር ገጽ በ300 ሲነሳ 2,480 በ3,508 ፒክሰል ነው፣ ማለትም 8.7 ሚሊዮን ገደማ። በቀለም ከሆነ እያንዳንዱ ፒክሰል 3 ባይት ስለሚይዝ ያልታመቀ የቲፍ ፋይል ወደ 26 ሜጋባይት ይደርሳል። 200 ገጽ ያለው ጽሑፍ 5.2 ጊጋባይት፣ 100 ጽሑፍ 520 ጊጋባይት፣ ሦስት ቅጂ ሲሆን 1.5 ቴራባይት ያልፋል። ጥቁርና ነጭ ጽሑፍ ብቻ ያለበትን ገጽ በግራጫ ብታነሡት ሲሶው ይበቃችኋል። ቀለሙ ትርጉም ያለውን ገጽ፣ ካርታም ሆነ ፎቶ፣ ለይታችሁ በቀለም አንሡ። ለአንባቢ የሚቀርበው ከዚህ ዋና ፋይል የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የታሰበ ከሆነ ፒዲኤፍ-ኤ የተባለውን ዓይነት ምረጡ፣ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚቀመጥ።

ጊዜውንም ቁጠሩት። አንድ ገጽ ገልብጦ ማንሣት 40 ሰከንድ ከፈጀ፣ 200 ገጽ 2 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ነው፤ የጥራት ፍተሻው፣ ስያሜውና መግለጫው ገና ሳይጨመር። አሥር ጽሑፍ ሠርታችሁ የራሳችሁን አማካይ ካገኛችሁ በኋላ ብቻ ለአለቃ የመጨረሻ ቀን ስጡ።

የፋይል ስም ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ ቁጥርና ሰረዝ ብቻ ይሁኑ፤ ክፍት ቦታና ልዩ ምልክት አይግቡ። ቁጥሩ በዜሮ ይሞላ፣ 0001፣ 0002 እየተባለ፤ ካልሆነ በብዙ ፕሮግራሞች 10ኛው ገጽ ከ2ኛው ቀድሞ ይሰለፋል። "የመጨረሻ" ወይም "የመጨረሻ-2" የሚል ስም ያለው ፋይል ካያችሁ ሥራው ከመንገድ ወጥቷል ማለት ነው።

የኅልውና ነገር፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከሕንጻው ውጭ። ከኮምፒውተር ጋር በራሱ የሚመሳሰል የኦንላይን ማህደር ባክአፕ አይደለም፤ እዚህ ስትሰርዙ እዚያም ይሰረዛል። ፋይሎቹ ሲጠናቀቁ ለእያንዳንዱ የሻ-256 ማረጋገጫ ቁጥር አውጥታችሁ አስቀምጡ፤ ባለ 64 ምልክት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ እንደገና አውጥታችሁ አስተያዩት። አንድ ነጥብ እንኳ ከተለወጠ ቁጥሩ ይለወጣል፣ ከዚያ ጤነኛውን ቅጂ ትመልሳላችሁ። ይህን ሳያደርጉ ሦስት ቅጂ መያዝ፣ የተበላሸውን ፋይል ሦስት ጊዜ ማስቀመጥ ሊሆን ይችላል።

ጽሑፉ እንዲፈለግ ቴሰራክት የተባለው ነጻ ፕሮግራም አማርኛም ያነባል። በንጹሕ ኅትመት ደህና ይሠራል። በታይፕራይተር በተጻፈና ቀለሙ በፈዘዘ ገጽ ግን ተመሳሳይ ፊደላትን ያምታታል። ስለዚህ የተነበበው ጽሑፍ ለፍለጋ ብቻ ይዋል፤ አንባቢው የሚያየው የገጹን ምስል ይሁን።

ጥያቄ፦ ተማሪዎች ከሰው ሠራሽ አስተውሎት የወሰዱትን የማጣቀሻ ዝርዝር ይዘው ይመጣሉ። ግማሹን ማግኘት አልቻልንም። እንዴት እናስረዳቸው?

መልስ፦ መሣሪያው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ የሚጽፍ ነው። ማጣቀሻ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ መኖሩን ግን አያረጋግጥም። በጣም አሳሳቹ ዓይነት ደራሲው እውነተኛ፣ መጽሔቱ እውነተኛ፣ ጽሑፉ ግን ያልተጻፈ ሲሆን ነው። በቅጽበታዊ ፍለጋ ስሞቹ ስለሚገኙ ተማሪው "አለ" ብሎ ይከራከራል።

የማጣሪያው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ዲኦአይ (የጽሑፉ ቋሚ የኦንላይን መለያ) ካለው መጀመሪያ እሱን ክፈቱ፤ ካልከፈተ፣ ወይም ሌላ ጽሑፍ ከከፈተ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ አልቋል። ከሌለው ርዕሱን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ፈልጉ። ቀጥሎ ወደ መጽሔቱ ገጽ ሂዱና የተባለው ቅጽ በዚያ ዓመት መውጣቱን፣ የገጹ ቁጥር በየትኛው ጽሑፍ ላይ እንደሚያርፍ እዩ። በመጨረሻ የደራሲውን የኅትመት ዝርዝር፣ ኦርኪድ የተባለው የተመራማሪዎች መለያ ካለው በእሱ በኩል። አንድ ማጣቀሻ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ለተማሪው አታጣሩለት፤ የመጀመሪያውን አብራችሁ ሥሩ፣ የቀረውን እሱ ይሥራ።

መከልከል ግን አያዋጣም፣ አይቻልምም። መሣሪያው በትክክል የሚጠቅምበት ቦታ አለ፦ ለአንድ ሐሳብ ተመሳሳይ ቃላት ማፍለቅ፣ የፍለጋ ቀመር መቅረጽ፣ የኤክሴል ቀመር ማስተካከል። ሁሉም ወዲያው ተሞክረው የሚረጋገጡ ናቸው። የአንባቢን ስምና የውሰት ታሪክ ግን በምንም ምክንያት አታስገቡበት።

አንድ ነገር እንጨምር። ዝርዝሩን ይዞ የመጣው ተማሪ የፈለገው ዝርዝሩን አይደለም። "ስለ ምንድን ነው የምትጽፈው? እስካሁን ምን አገኘህ? መቼ ነው የምታስረክበው?" ብሎ መጠየቅ፣ ማለትም የድሮው የሪፈረንስ ቃለ መጠይቅ፣ ዛሬም ከማንኛውም ዳታቤዝ ይቀድማል።

ጥያቄ፦ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ልማር? አንድ ጓደኛዬ ያለሱ ሥራ አይገኝም ይለኛል።

መልስ፦ መጀመሪያ አይደለም። ኤክሴልን በደንብ፣ ከዚያ ሪጉላር ኤክስፕረሽን (ጽሑፍን በቅርጹ መፈለጊያ ቀመር)፣ ከዚያ ኤስኪውኤል (ዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ)። የመጨረሻው ሲጀመር ሦስት ትእዛዝ ነው፤ ምን ይመረጥ፣ ከየትኛው ሠንጠረዥ፣ በምን ሁኔታ። የኮሃ የሪፖርት ክፍል የሚቀበለው ማንበብን ብቻ ስለሆነ ዳታ ታጠፋለህ ብለህ አትስጋ። ለመጀመሪያ ልምምድ "በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜም ያልተዋሱ መጻሕፍት" የሚል ሪፖርት አውጣ፤ መደርደሪያ ለማቅለል የምትወስነው ሁሉ ከእሱ ይጀምራል። ፓይተን የሚያስፈልግህ አንድ ሥራ በየወሩ ሲደጋገምብህና ከላይ ያሉት አልበቃ ሲሉህ ነው። ያን ጊዜ ስለምትሠራው ነገር አውቀህ ስለምትማር ቶሎ ይገባሃል። ላይብረሪ ካርፐንትሪ የተባለው የሥልጠና ስብስብ ትምህርቶቹን በነጻ አስቀምጧል፤ ምሳሌዎቹ ከቤተ መጻሕፍት ዳታ የተወሰዱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከሠራተኞቼ አንዳንዶቹ የኦንላይን የምስክር ወረቀት ይሰበስባሉ፣ ሥራው ላይ ግን ለውጥ የለም። ሌሎቹ ጭራሽ መማር አይፈልጉም። የክፍል ኃላፊ ነኝ።

መልስ፦ ሁለቱም ወገኖች የሚታመሙት በአንድ ነገር ነው፤ የተማሩት በማግሥቱ የሚሠሩበት ሥራ የለም። ትምህርቱን ከሥልጠና ማስታወቂያ ሳይሆን ከሥራው እንከን አስጀምሩት። ለአንድ ወር ያህል በመቀበያ ጠረጴዛው ላይ መልስ ያጣችሁበትን ጥያቄና በእጅ የደጋገማችሁትን ሥራ በደብተር መዝግቡ። ብዙ ጊዜ ከሦስት ወይም ከአራት ነገር አይበልጥም፤ ሥልጠናው ከእነዚያ ይመረጥ።

ጊዜ ካልተሰጠው ግን አይሆንም። በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ በሥራ ሰዓት፣ ከጠረጴዛ ነጻ ሆኖ፣ ስሙ በፈረቃው ላይ ተጽፎ። "ሲመቻችሁ ተማሩ" ማለት አትማሩ ማለት ነው። የተማረው ሰው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አንድ ገጽ የአሠራር መመሪያ ይጻፍ፣ ሌላ ባልደረባውም መመሪያውን ብቻ እያየ ሥራውን ይሞክር። መመሪያው ካላስኬደው ትምህርቱ ገና አላለቀም። ምስክር ወረቀቱ ለዕድገት ፋይል ይጠቅማልና አታንቋሹት፤ መለኪያችሁ ግን መመሪያው ይሁን።

እምቢ ያሉትን በተመለከተ፣ እምቢታው ብዙ ጊዜ ስንፍና ሳይሆን በጀማሪ ፊት የመሳሳት ፍርሃት ነው። አንጋፋውን ከወጣቱ ጋር አጣምሯቸው፣ ነገር ግን አንዱ ብቻ አስተማሪ አይሁን። ወጣቱ ኦፕንሪፋይንን ያሳይ፣ አንጋፋው የትኛው ስም ከየትኛው እንደሚዋሐድ ይወስን። የቁልፍ ሰሌዳው ግን በአንጋፋው እጅ ይሁን፤ ሲያዩት የዋሉት ነገር በማግሥቱ ይረሳል።

ጥያቄ፦ ካታሎጉ ኮምፒውተር ላይ ከገባ የካርድ ሣጥኖቹን ብንጥላቸው ችግር አለው?

መልስ፦ ሳትፈትሹ አትጣሉ። ከመሳቢያዎቹ ሳትመርጡ 200 ካርድ አውጡና ካታሎጉ ውስጥ ፈልጉ። 10ሩ ከሌሉ 5 በመቶ ነው፤ 40,000 ካርድ ካላችሁ 2,000 ያህሉ ከፍለጋ ውጭ ቀርተዋል ማለት ነው።

የደራሲና የርዕስ መሳቢያዎች የአንድ ካርድ ግልባጮች ስለሆኑ ፍተሻው ካለፈ መጀመሪያ እነሱ ይሂዱ። በመደርደሪያ ቅደም ተከተል የተደረደረውን መሳቢያ ግን አቆዩት፤ ጠርዙ ላይ በእጅ የተጻፈው ነገር፣ ማን እንደለገሰው፣ መቼ እንደጠፋ፣ በምን ቁጥር እንደተተካ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ የተዘለለው እሱ ነው። ጽሑፍ ያለባቸውን ካርዶች ብቻ ለይታችሁ ስካን አድርጉ። ከርዕሰ ጉዳይ መሳቢያው ደግሞ "ይህን ተመልከት" የሚሉትን ካርዶች ልቀሙ። አንባቢዎቻችሁ በየትኛው ቃል እንደሚፈልጉ የሚያውቁ ሰዎች ለዓመታት ያጠራቀሟቸው ናቸው፤ በኮምፒውተሩ የሥልጣን መዝገብ (ስምና ርዕሰ ጉዳይ በአንድ አጻጻፍ የሚወሰንበት) ውስጥ ከ4 የሚጀምሩትን፣ "ይህን ተመልከት" የሚጻፍባቸውን መስኮች ለመሙላት ከዚያ የተሻለ ምንጭ አታገኙም።